የአክሱም ሥልጣኔ ከምን ተነሣ?

ልጆች! በቴፒና በሚዛን ተፈሪ ቡና ሲደርስ ተለቅሞ ለገበያ ይቀርባል፤ ወላጆቻችሁም በሽያጩ ልብስና ደብተር ይገዛሉ። በሰሜን አገራችን የነበረው የአክሱም ሥልጣኔም የተነሣው እንዲሁ ከእርሻና ከንግድ ነው።

የአክሱም ገበሬ በበሬ አርሶ ከቤቱ የሚተርፍ እህል አመረተ። እህል ስለ ተረፈ ሌሎች ሰዎች ድንጋይ ጠራቢ፣ አንጥረኛ፣ ነጋዴና ጸሐፊ ለመሆን ቻሉ። ነጋዴዎቹ የዝሆን ጥርስ ይዘው ዛሬ በኤርትራ ወደሚገኘው ወደ አዱሊስ ወደብ ወረዱ፤ በቀይ ባሕር በኩልም ከሮምና ከሕንድ ጋር ተገበያዩ። ነገሥታቱ የወርቅ፣ የብርና የመዳብ ገንዘብ አሠሩ። በ4ኛው መቶ ዓመት ንጉሥ ኢዛና ክርስትናን ሲቀበል በገንዘቡ ላይ የነበረው የጨረቃ ምልክት ቀርቶ መስቀል ተቀረጸ።

ከአክሱም ሐውልቶች ትልቁ 33 ሜትር ያህል ነው፤ ግን ወድቆ ተሰባብሯል። ፊደሉ ግን አልወደቀም። በኢዛና ዘመን «ሀ፣ ሁ፣ ሂ» ብለን የምንለይባቸው ምልክቶች ተጨመሩበት፤ ከዚያ ወዲህ መምህር ለተማሪ እያስተላለፈው እናንተ ዘንድ ደረሰ። ስለዚህ ልጆች፣ ፊደል ስትቆጥሩ አትሰልቹ፤ የያዛችሁት ከ1,600 ዓመት በላይ የኖረ ቅርስ ነውና።

ጥያቄ
1. እህል ባይተርፍ ኖሮ ድንጋይ ጠራቢው ምን ይበላ ነበር?
2. ትልቁ ሐውልት ሲወድቅ ፊደል እንዴት እኛ ዘንድ ደረሰ?