ወላጆችና የሕፃናት የቁጥር ትምህርት



በሆለታ ልጆቻቸውን መዋዕለ ሕፃናት የሚያስገቡ ብዙ ወላጆች፥ ሕፃኑ «ዋን፥ ቱ፥ ስሪ» እያለ እስከ ሃምሳ ሲወርደው ሰምተው ይደሰታሉ። ነገር ግን ይኸው ሕፃን «አምስት ድንች አምጣ» ሲባል እጁ የቻለውን ያህል አፍሶ ቢመጣ፥ የቁጥሮችን ስም እንጂ ቁጥርን ገና አላወቀም።

ሮቸል ጌልማንና ቻርልስ ጋሊስቴል የተባሉ የሥነ ልቦና ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተሙት መጽሐፍ፥ መቁጠር በውስጡ ልዩ ልዩ ዕውቀቶችን እንደያዘ አስረድተዋል። ከእነዚህም መካከል፦

1ኛ/ ለእያንዳንዱ ዕቃ አንድ ስም ብቻ መስጠት፤
2ኛ/ ስሞቹን ሁልጊዜ በአንድ ቅደም ተከተል መጥራት፤
3ኛ/ በመጨረሻ የተጠራው ስም የጠቅላላውን ብዛት እንደሚገልጽ መረዳት ናቸው።

ሕፃናት አብዛኛውን ጊዜ ዘግይተው የሚደርሱበት ሦስተኛውን ነው። ይህንንም በቤት ውስጥ ማለማመድ ይቻላል። ቡና ከመቀዳቱ በፊት ሕፃኑ በቤት ላሉት ሰዎች ለእያንዳንዳቸው አንድ ስኒ ይደርድር። ቆጥሮ ሲጨርስ «ስንት ሆኑ?» ተብሎ ይጠየቅ። መልስ በመስጠት ፈንታ እንደገና ከአንድ ቢጀምር መቆጣት አይገባም፤ «ስድስት ናቸው» ብሎ ብዛቱን መንገር ይበቃል። ገበጣም በየጉድጓዱ አንዳንድ ጠጠር ስለሚጣልበት ጥሩ ልምምድ ነው።

በየትኛው ቋንቋ ይቁጠር? በአማርኛ «አሥራ አንድ፥ አሥራ ሁለት» ስንል ዐሥሩ ከተጨማሪው ጋር በግልጥ ይሰማል፤ በኦሮምኛም «ኩደ ቶኮ፥ ኩደ ለማ» ሲባል እንዲሁ ነው። በግእዝ አኃዝ ፲፪ ተብሎ ሲጻፍም ዐሥሩና ሁለቱ ለየብቻ ይታያሉ። የእንግሊዝኛው «ኢለቨን» እና «ትዌልቭ» ግን ይህን ከሕፃኑ ጆሮ ይሰውራሉ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ መወሰኑም የሚታወስ ነው። እንግዲህ ሕፃኑ እንግሊዝኛውን ይማር፤ ነገር ግን የብዛትን ትርጉም አስቀድሞ በቤቱ ቋንቋ ይጨብጥ።

ፊደል ያልቆጠሩ ወላጆች «እኛ ምን እናውቃለን?» ብለው ሁሉን ነገር ለመምህሩ ሊተዉ አይገባም። በገበያ ድንች በመደብ ስትሸጥና መልስ ስትመልስ የምትውል እናት በየቀኑ ትደምራለች፥ ትቀንሳለች። ይህንንም ልጇ እየሰማ ጮክ ብላ ብታደርገው አስተማሪ ሆነች ማለት ነው።

ለውይይት፦
ሀ/ ልጃችን ስንት ድረስ ይቆጥራል? ስንትስ ቆጥሮ መስጠት ይችላል?
ለ/ በዚህ ሳምንት በቤታችን የትኛውን ሥራ አብረነው እየቆጠርን እንሠራለን?