«ዘመዷ ናት» ካልን በኋላስ?

እኔ የጀልዴሳ ልጅ ነኝ። በእኛ ዘንድ የአባት እህት በሶማሊኛ «ኤዶ» ትባላለች፤ ዝምድና የሌላትንም ትልቅ ሴት ለአክብሮት «ኤዶ» እንላለን። ልጅ ለትምህርት ድሬዳዋ ሲላክም አንዷ «ኤዶ» ትቀበለዋለች። ብዙዎቻችን የተማርነው እንዲህ ነው። አንዳንዷ ልጅ ግን ውሃ ስትቀዳ፣ ሕፃን ስታዝል ትውልና ደብተሯን ሳትገልጥ ዓመቱ ያልቃል። ጎረቤት ሲጠየቅ «ዘመዷ ናት፣ ምን አገባን» ይላል።

ለመሆኑ ሕጉ ዘመድ የሚለው ማንን ነው? ድሬዳዋ ላይ የሚሠራው የ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ከ18 ዓመት በታች ላለ ልጅ አሳዳሪና ሞግዚት አባትና እናት ናቸው ይላል (አንቀጽ 219)። እነሱ ከሌሉና በኑዛዜ የሾሙት ሰው ከሌለ አያቶች፣ ከዚያ አካለ መጠን የደረሱ ወንድምና እህት፣ ከዚያም አጎትና አክስት ይከተላሉ። የእኛ «ኤዶ» ብዙ ጊዜ እዚህ ዝርዝር ውስጥ የለችም።

ታዲያ አትጠየቅም ማለት ነው? አይደለም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 576 ዝምድና አይቆጥርም፤ ልጅን የማሳደግ ወይም የመጠበቅ ኃላፊነት ያለበትን ሁሉ ይመለከታል። መበደል፣ ቸል ማለት፣ ከአቅም በላይ ማሠራት፣ መደብደብ እስከ 3 ወር ቀላል እስራት ያስቀጣል። በጤና ወይም በትምህርት ላይ ከባድ ጉዳት ከደረሰ ቅጣቱ ከ1 ዓመት አያንስም።

እንግዲህ ነገ ጋዜጠኛ የምንሆን ልጆች ዜና ስንሠራ «ዘመዷ» ብለን አንለፍ፤ «ማን ተረከባት?» ብለን እንጠይቅ። ታናሽ እህቴ በመጪው መስከረም ድሬዳዋ ልትላክ ነው። ለእናቴ ይህንኑ ነግሬያታለሁ፦ አደራውን ሕጉም ያውቀዋል።