ትዕማር ዝም አላለችም

ምንባብ፦ 2ኛ ሳሙኤል 13፥1–22

ወደ ምንባቡ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር እንናዘዝ። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና ወደ አገራችን ገብቶ ትምህርት ቤቶች በተዘጉ ጊዜ፥ ዱቄት፥ ዘይትና ሳሙና ይዘን ቤት ለቤት ዞርን። በየደጃፉ ቆመን ባልና ሚስቱን አንድ ላይ፦ «ቤተ ሰቡ ደኅና ነው?» ብለን ጠየቅን። «እግዚአብሔር ይመስገን» አሉን፤ መዝግበን አለፍን። ባልዋ አጠገብዋ ቆሞ ሳለ ሌላ ምን ልትል ትችል ነበር?

«ከቤት አትውጡ» የተባለው ከበሽታው እንድንድን ነበረ። የሚመታት ሰው በቤት ላለ ሴት ግን በሩ ተዘጋባት። በዚያው ወር መጨረሻ የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ አንቶኒዮ ጉተሬዝ፥ መንግሥታት ሴቶችን ከቤት ውስጥ ጥቃት እንዲጠብቁ ተማጸኑ። በገጠርም ከትምህርት የቀሩ ልጃገረዶች፥ ሕጉ 18 ዓመት እያለ፥ ተዳሩ። ወረርሽኙ ሲያልፍ እነዚህ ነገሮች አብረው አላለፉም።

አሁን ምንባቡን እንይ። አምኖን የታመመ መሰለ፤ ትዕማርም ልታስታምመው ገባች። በደሉ የደረሰባት በገዛ ወንድምዋ ቤት ነው። አስቀድማ ተከራከረችው፤ በኋላም ልብስዋን ቀድዳ፥ አመድ ነስንሳ፥ እየጮኸች ሄደች። ዝም እንድትል የነገራት አቤሴሎም ነው። ዳዊትም ሰምቶ ተቆጣ፤ ከቁጣው ሌላ ያደረገው አልተጻፈም። ንጉሥ ሆኖ ሳለ!

የአቤሴሎም ምክር ለእኛም እንግዳ አይደለም። «ገበናሽን አትግለጪ፥ ቻይው፥ ጸልዪለት» እንላለን። ሽማግሌዎች ያስታርቃሉ፤ እርስዋም በዚያው ምሽት ወደዚያው ቤት ትመለሳለች። ሽምግልናን አንነቅፍም፤ ብዙ ደም አድርቋል። አስገድዶ መድፈር ግን በሕግ የሚጠየቅ ወንጀል ነው፥ በካሣ የሚዘጋ የድንበር ክርክር አይደለም።

ጊዜውም አጭር ነው። የኤች አይ ቪ መከላከያው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ ሽማግሌዎች ተጠራርተው እስኪቀመጡ ይህ ያልፋል። ስለዚህ መጀመሪያ ወደ ጤና ተቋም ነው። በአዲስ አበባ በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል እንደተቋቋመው ያሉ ማዕከሎች ሕክምናን፥ ፖሊስንና ዐቃቤ ሕግን በአንድ ስፍራ ያገናኛሉ።

እኛም ዛሬ እርዳታ ስናድል ሴቶችን ሴት አገልጋይ ለብቻቸው ታነጋግራቸዋለች። መልሱ እንደ ቀድሞው አንድ ዓይነት አልሆነም።

ለውይይት፦ አንዲት እህት ዛሬ ሌሊት በራችሁን ብታንኳኳ ከማን ቤት ታድራለች? ወደ ሐኪም የሚያደርሳትስ ማን ነው? የመታት ሰው የጉባኤያችሁ ሽማግሌ ቢሆንስ?