የሌሊት ወፍ ቤት ብትገባ ምን እናድርግ? መጥረጊያውን ከማንሳታችን በፊት

የዛሬው ርዕስ ከራሴ ቤት የመጣ ነው።

የድሬን ሙቀት ታውቁታላችሁ። ማታ መስኮትና በር ካልተከፈተ አይቻልም። ባለፈው እራት ላይ እያለን አንዲት የሌሊት ወፍ በመስኮት ገባች። እማዬ መጥረጊያ አነሳች፣ ሐኪም ነኝ የምለው እኔ ሶፋ ላይ ወጣሁ (አትሳቁ)። በጩኸቱ መሃል የጣራው ፋን መታትና ወደቀች። የ7 ዓመቱ የእህቴ ልጅ ከሁላችንም ቀድሞ በእጁ አፈፍ አደረጋትና "ያዝኳት! ያዝኳት!" አለ። ወዲያው ደግሞ "አይ!" ብሎ ጣላት። አውራ ጣቱን ሳየው በመርፌ የተነካ የምትመስል ትንሽ ጭረት አለች። ደም እንኳን በቅጡ አልወጣም።

ጩኸቱን ሰምቶ የመጣው ጎረቤታችን "አቦ ጭረት ናት፣ ምን ታካብዳላችሁ!" አለ። እማዬ የቡና ዱቄት ፍለጋ ገባች። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ለትንሽ ደቂቃ እኔም "ይቺማ ምንም አይደለች" ብዬ ነበር።

ሐሳቤን ያስቀየረኝ ተማሪ እያለሁ ያነበብኩት ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 አንዲት የ34 ዓመት ሆላንዳዊት ኬንያ ውስጥ የሌሊት ወፍ ፊቷ ላይ አርፋ ጭራት ሄደች። ትንሽ ጭረት ነበረች። ክትባት አልወሰደችም። ከ3 ሳምንት በኋላ ታማ አምስተርዳም ሆስፒታል ገባች፣ ብዙ ተሞከረ፣ አልተረፈችም። የገደላት የሬቢስ ዘመድ የሆነ "ዱቨንሄጅ" የሚባል ቫይረስ ነው።

ሬቢስ የውሻ በሽታ አይደለም እንዴ?

አገራችን ውስጥ ሰውን የሚይዘው ሬቢስ፣ እኛ "የእብድ ውሻ በሽታ" የምንለው፣ ከሞላ ጎደል ሁሌም ከውሻ ነው የሚመጣው። ይሄ እውነት ነው። ግን የሌሊት ወፎችም የዚህን ቫይረስ ዘመዶች ይሸከማሉ። ከነዚህ አንዱ እ.ኤ.አ. በ1956 ናይጄሪያ ውስጥ በፍሬ በል የሌሊት ወፎች ላይ የተገኘውና "ላጎስ ባት" የተባለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 የታተመ ጥናት ከኢትዮጵያ የተሰበሰቡ 115 የሬቢስ ናሙናዎችን ሲመረምር አንዱ ይኸው ላጎስ ባት ሆኖ ተገኝቷል፤ ያውም ከውሻ የተወሰደ ናሙና ነው። ስለዚህ "እኛ አገር የለም" ማለት አንችልም።

አብዛኛዋ የሌሊት ወፍ ጤነኛ ናት። ችግሩ የታመመችውን በማየት መለየት አለመቻላችን ነው። በተለይ በቀን የምትታይ፣ መሬት ላይ የወደቀችና መብረር ያቃታት ካለች የበለጠ እንጠንቀቅ። ልጆች ደግሞ በእጃቸው የሚያነሱት ይቺኑ ነው።

ማርበርግስ?

ኅዳር 2018 ጂንካ ላይ የማርበርግ ወረርሽኝ ከታወጀ ወዲህ ብዙ ሰው የሌሊት ወፍ ሲያይ ይደነግጣል። ማርበርግን የሚሸከመው አንድ ዓይነት ፍሬ በል የሌሊት ወፍ ነው። ሰው ከሌሊት ወፍ የሚይዘው በአብዛኛው እነሱ በብዛት በሚኖሩበት ዋሻ ወይም የማዕድን ጉድጓድ ውስጥ ረጅም ጊዜ ሲቆይ ነው። ከዚያ በኋላ ከሰው ወደ ሰው በሰውነት ፈሳሽ ይተላለፋል። ሳሎን ገብታ ዞራ ለወጣች የሌሊት ወፍ ዋናው ጥያቄያችን "ማንን ነካች?" የሚለው ይሁን።

ስትገባ ምን እናድርግ?

1. ፋኑን አጥፉ። ከመታት ቆስላ ትወድቃለች፤ የቆሰለች ደግሞ ትነክሳለች።
2. ልጆችን፣ ድመትና ውሻን ከክፍሉ አስወጡ።
3. ወደ ሌሎች ክፍሎች የሚወስደውን በር ዝጉ፣ ወደ ውጭ የሚወስደውን በርና መስኮት በሙሉ ክፈቱ።
4. የክፍሉን መብራት አጥፉና ግድግዳ ይዛችሁ በዝምታ ጠብቁ። መውጫ እየፈለገች ነው እንጂ እናንተን አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ራሷ ትወጣለች።
5. ግድግዳ ላይ ካረፈች ወፍራም የቆዳ ጓንት አድርጋችሁ ባልዲ ወይም ካርቶን ድፉባት፣ ከስር ጠንካራ ወረቀት አስገቡና ውጭ ልቀቁ።
6. በባዶ እጅ፣ በፎጣ ወይም በነጠላ አትያዙ። ጥርሷ ቀጭን ነው፣ ጨርቅ አልፎ ይገባል።

ሰው ከነካች ወይም ከነከሰች ግን አትልቀቋት። እንደተደፋባት ትቆይና ለጤና ባለሙያው ንገሩ። ካመለጠችም እሷን ፍለጋ ጊዜ አታጥፉ።

ሐኪም ቤት የሚያስኬደው የቱ ነው?

ቤት ውስጥ ስትበር ማየት ብቻውን ክትባት አያስፈልገውም። እነዚህ ግን ያስፈልጋቸዋል፦

- ከነከሰች ወይም ከጫረች፣ ደም ባይወጣም
- ምራቋ ዓይን፣ አፍ ወይም ቁስል ከነካ
- በባዶ እጅ ከተያዘች ወይም ሰውነት ላይ ካረፈች
- ሕፃን፣ ጠጥቶ የተኛ ሰው ወይም የሆነውን መናገር የማይችል በሽተኛ በተኛበት ክፍል ከተገኘች። ንክሻዋ ምልክት ላይተው ስለሚችል "ምንም አላየሁበትም" በቂ አይደለም።

መጀመሪያ ውሃና ሳሙና

ቦታውን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ እጠቡ። ሰዓት ይዛችሁ ቁጠሩ፣ ይረዝማል። ቧንቧው ከሌለ ከጀሪካን በጆግ እየቀዳችሁ አፍስሱ። ቡና፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቅጠል፣ ምንም አታድርጉበት። ከዚያ በዚያው ሌሊት ወይም በነጋታው ጠዋት ሐኪም ቤት።

ክትባቱ እንደ ድሮው ሆድ ላይ በየቀኑ የሚወጋው አይደለም። አሁን ክንድ ላይ ይሰጣል። የተጀመረበት ቀን 0 ተብሎ ይቆጠርና በ3ኛው፣ በ7ኛው፣ በ14ኛው፣ እንደ አሰጣጡም በ28ኛው ቀን ይቀጥላል። ኢሚዩኖግሎቡሊን የሚባል ተጨማሪ መድኃኒት ደግሞ ቁስሉ ዙሪያ ይወጋል። ክትባቱን "ደህና ነኝ" ብላችሁ መሃል ላይ አታቋርጡት።

የሬቢስ ምልክት አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ወር ቆይቶ ነው የሚመጣው። አንዴ ምልክቱ ከጀመረ ግን ማዳን አይቻልም ማለት ይቻላል። የባህል መድኃኒት ወስዶ "ምንም አልሆንኩም" የሚል ሰው ብዙ ጊዜ በዚህ ጸጥታ ይታለላል። ፀሎቱም ዱዓውም ይቀጥል፣ ግን ከመርፌው ጋር ይሁን።

አንድ ነገር ልጨምር። ክትባቱ ለተለመደው ሬቢስ በጣም አስተማማኝ ነው፤ እንደ ላጎስ ባት ላሉት ዘመዶቹ ግን ያን ያህል ላይሠራ ይችላል። ስለዚህ አለመንካትና በደንብ መታጠብ ከሁሉ ይቀድማሉ።

እንዳትገባስ?

መስኮት ላይ ወንፊት ግጠሙ፣ በቆርቆሮውና በግድግዳው መሃል ያለውን ክፍተት ድፈኑ። በረንዳ ላይ የሚተኛ ሰው አጎበሩን ፍራሹ ስር ይጠቅጥቀው፤ ለወባ ብቻ አይደለም። ኮርኒስ ውስጥ ኩሷ ካለ በደረቁ አትጥረጉት፣ አቧራው ለሳንባ ጥሩ አይደለም። ማስክ አድርጋችሁ፣ በረኪና ባለው ውሃ አርጥባችሁ አንሱት። ግን አትግደሏቸው፤ ትናንሾቹ ማታ ማታ ትንኝና ሌላ ነፍሳት እየበሉልን ነው።

የእህቴን ልጅ እጁን አጥበን በዚያው ሌሊት ወሰድነው። የመጀመሪያው ቦታ "ክትባት የለም" አሉን፣ ሁለተኛው ቦታ አገኘን። እናንተም "የለም" ከተባላችሁ ወደ ቤት አትመለሱ፣ የት እንዳለ ጠይቃችሁ ሂዱ። መርፌውን ሁሉንም ጨርሷል፣ አሁን ክንዱን እያሳየ ለጓደኞቹ ያወራል። ምናልባት የሌሊት ወፏ ጤነኛ ነበረች። ያንን ለማወቅ ግን ልጁ እስኪታመም መጠበቅ አንችልም ነበር።

ዛሬ ማታ ልጆቻችሁን ቁጭ አድርጋችሁ ይህን ብቻ ንገሯቸው፦ "የሌሊት ወፍ ካያችሁ አትንኩ፤ ከነካችሁ አትደብቁን፣ አንቆጣም።" ለጎረቤትም ሼር አድርጉ። ሰላም እደሩ!