ማወቅ ያለብዎ፦ ከደባል ቤት ሊወጡ ሲያስቡ

ጀሞ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ለሦስት ሆነን ሁለት ዓመት ኖረናል። የለቀቅን ዕለት ከአከራያችን ጋር የነበረን ጉዳይ ሃያ ደቂቃ አልፈጀም። ክፍሎቹን ዞር ዞር ብለው አዩ፣ ቁልፍ ቆጥረው ተረከቡን፣ መርቀውን ሄዱ። እኛ ግን በአንዲት ፍሪጅ ምክንያት እስኪመሽ ተፋጠጥን። አንዱ "የገዛኋት እኔ ነኝ" አለ። ሌላው "አንተ ፍሪጅ ስትገዛ የመብራትና የውሃውን ማን ሲከፍል ነበር?" አለው። እኔ ደግሞ ለምጣዱ ያወጣሁትን አነሳሁ። አንድም የተጻፈ ነገር አልነበረንም። ጓደኝነታችን እንደምንም ተረፈ፤ ፍሪጇ ግን ከሦስታችን የማናችንም ቤት ሳትገባ በማይረባ ዋጋ ለቆራሌው ሄደች።

ከዚያ ወዲህ ቤት ሊለቅ ያሰበ ሰው ሲያማክረኝ፣ ስለ መኪና ኪራይ ከማውራታችን በፊት የምጠይቀው ነገር አለኝ።

ውሉ በእርግጥ አልቋል?

"ዓመት ሞልቷችኋል፣ ልቀቁ" ስለተባሉ ብቻ ካርቶን መሰብሰብ አይጀምሩ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 የኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ያዛል፤ ዘመኑም በመሠረቱ ከ2 ዓመት ማነስ የለበትም። ስለዚህ መጀመሪያ ውሉን አውጥተው ቀኑን ይዩ። በራስዎ ፈቃድ የሚወጡ ከሆነም ምን ያህል ቀድመው ማሳወቅ እንዳለብዎ አንብበው፣ በጽሑፍ ያሳውቁ። የቴሌግራም መልእክት ከምንም ይሻላል፤ አከራዩ "ደርሶኛል" ብለው የፈረሙበት ወረቀት ደግሞ ከቴሌግራሙ ይሻላል።

ነሐሴ 30 ላይ የሚያልቅ ውል ካለዎት ስለ ጳጉሜን አስቀድመው ይነጋገሩ። ብዙ አከራይ ለጳጉሜን አያስከፍልም። ይህን ተማምነው ዕቃዎን ሳያወጡ ቆይተው፣ አዲሱ ተከራይ በዋዜማው ሶፋውን ጭኖ በር ላይ ሲቆም ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ውሉ ላይ ያለው የማን ስም ነው?

ዋናው ይህ ነው። በብዙ የደባል ቤት የሚፈርመው አንዱ ነው፤ ሌሎቹ "ችግር የለም፣ አንተ ፈርም" ብለው ይገባሉ። ፈራሚው እርስዎ ሆነው የሚወጡትም እርስዎ ከሆኑ፣ በአከራዩ ዘንድ ተከራይ የሚባሉት አሁንም እርስዎ ነዎት። የቀሩት ልጆች ሁለት ወር ሳይከፍሉ ቢቀሩ ስልክ የሚደወለው ለእርስዎ ነው። የእርስዎ ውል ቀርቶ በቀሪዎቹ ስም አዲስ ውል ሳይፈረም አይውጡ። ወረዳ የተመዘገበ ከሆነም መቋረጡን እዚያው ሄደው ያስመዝግቡ።

ሁላችሁም ፈርማችሁ ከሆነ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ባለዕዳዎች ከአንድ በላይ ሲሆኑ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር ኃላፊነታቸው የአንድነትና የነጠላ ነው ይላል። ወደ ቤታችን ቋንቋ ስናመጣው፣ አንዱ ደባል ድርሻውን ሳይከፍል አዳማ ቢገባ፣ አከራዩ ሙሉውን ኪራይ ከእርስዎ መጠየቅ ይችላሉ። "እኔ ሲሶዬን ከፍያለሁ" ማለት አያድንዎትም፤ ከፍለው ጓደኛዎን የሚያሳድዱት ራስዎ ነዎት።

ስትገቡ የከፈላችሁት ገንዘብ ምን ነበር?

አዋጁ አከራይ ከሁለት ወር በላይ ቅድሚያ እንዳይጠይቅ ይከለክላል። ያ የሁለት ወር ገንዘብ ሲወጡ የሚመለስ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ኪራይ ሆኖ ተበልቷል። ውሉ ላይ "ቅድሚያ ክፍያ" ነው የሚለው ወይስ "መያዣ"? መያዣ ከሆነና ሌሎቹ የሚቀሩ ከሆነ፣ አከራዩ ቤቱ ባዶ እስኪሆን አይመልሱትም። ድርሻዎን የሚሰጥዎ በእርስዎ ቦታ የሚገባው ሰው ነው። እሱም ፍራሹን ከማስገባቱ በፊት ይስጥ፤ ከገባ በኋላ "ደሞዝ ይውጣና" ይጀምራል።

ቆጣሪው

በሚወጡበት ቀን የውሃውንም የመብራቱንም ቆጣሪ ቁጥሩ በደንብ እንዲታይ አድርገው በስልክዎ ያንሱ። የውሃ ሒሳብ የሚመጣው ውሃውን ከተጠቀሙ በኋላ ነው፤ የመጨረሻው ወር ቢል ሲደርስ እርስዎ ሌላ ሰፈር ነዎት። ግምቱን አስልተው ለሚቀረው ሰው በቴሌብር ይላኩና ይገላገሉ። መብራቱ የካርድ ከሆነ ቀላል ነው፤ የቀረውን ሒሳብ አይቶ መካፈል ነው። ዋይፋዩ በስምዎ ከሆነ ያዛውሩት ወይም ያዘጉት።

ግድግዳውና ሶኬቱ

አከራያችን በሃያ ደቂቃ መርቀውን የሄዱት እኛ ጨዋ ስለሆንን አይደለም። ከሳምንት በፊት ወጥ ቤቱን ስናይ የምጣዱ ሶኬት ጠቁሮ፣ ፕላስቲኩ ቀልጦ እንደ ሙጫ ወርዶ ነበር። ኤሌክትሪሻን ጠርተን በርካሽ አስቀየርነው። ያን ሶኬት እሳቸው ቀድመው ቢያዩት ኖሮ ወሬው ከሶኬት ተነስቶ ወደ መስመሩ፣ ከመስመሩ ወደ ግድግዳው ይሄድ ነበር። የምስማር ቀዳዳውን በጂፕሰም ደፈንነው። በላዩ ቀለም መቀባታችን ግን ስህተት ነበር፤ አዲሱ ነጭ አሮጌውን ነጭ አጋለጠው።

ከዚያ ግማሽ ገጽ ወረቀት ይበቃል፦ ቀን፣ የቆጣሪ ንባብ፣ የቁልፍ ብዛት፣ "ኪራይ ተጠናቆ ተከፍሏል፣ ቤቱን ተረክቤያለሁ" የሚል ቃል፣ ፊርማ። የባንክ ደረሰኞችዎንም አብረው ያስቀምጡ።

የጋራ ዕቃ

ማን ምን እንደሚወስድ ከመውጫው ቀን በፊት፣ ሁሉም በተረጋጋበት ማታ ቡና አፍልታችሁ ጨርሱት። ዋጋውን የሚገምተው አንዱ ይሁን፣ መጀመሪያ የሚመርጠው ሌላው፤ ያኔ ገማቹ አያጋንንም። ካልተስማማችሁ ዕጣ ጣሉ። የእኛ ስህተት ጉዳዩን ለመጨረሻው ቀን መተዋችን ነው።

ለመንገዱ

ኮንዶሚኒየም ከሆነ ጥበቃው የአከራዩን ወይም የማኅበሩን የመውጫ ወረቀት ሳያይ ፍራሽ እንኳ ላያሳልፍ ይችላል፤ በዋዜማው ያስጽፉ። ከጫኝና አውራጆች ጋር ዋጋ የሚቆረጠው መኪናው ከመቆሙ በፊት ነው፣ በሁለቱም ሰፈር። ክረምት ከሆነ ሸራ ያለው አይሱዙ ይፈልጉ። ወረዳ የሚቀይሩ ከሆነ መሸኛ ያስፈልግዎታል። እድር ከገቡ ለጸሐፊው መንገር አይርሱ።

መኪናው ከመንቀሳቀሱ በፊት ደግሞ አንድ ሰው ወደ ላይ ተመልሶ በረንዳውን ይይ። እኛ ሁለት ጀሪካንና የልብስ ማስጫ ገመዳችንን ትተን ሄደናል። ገመዱ አሁንም አለ፤ በዚያ በኩል ሳልፍ ቀና ብዬ አየዋለሁ፣ የሌላ ሰው አንሶላ ተሰጥቶበት።