ፊልም የገበሬውን ኑሮ ሲያሳይ

አዳዲስ ቃላት፦
ፊልም፦ የሚንቀሳቀስ ሥዕል ነው።
ጭሰኛ፦ የሰው መሬት አርሶ ከምርቱ ለባለመሬቱ የሚከፍል ገበሬ ነው።
ባዕድነት፦ በሰው መካከል እየኖሩ ዘመድ እንደሌለው መሆን ነው።

እስካሁን ፊደል አነበብን። ሥዕልም እኮ ይነበባል። ዛሬ ሁለት ፊልሞችን እናንብብ።

የመጀመሪያው ስለ ወሎ ነው። በ1964 ዓ.ም. ክረምት ዝናቡ ጎደለ። በ1965 ዓ.ም. በልግም ጎደለ። ገበሬው በሬውን ሸጠ፤ ዘሩን በላ፤ ከዚያም ልጁን አዝሎ ወደ አውራ ጎዳናው ወረደ። መንግሥት ግን ረሃቡን ደበቀው። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የረሃቡን ፊልም አነሳ። ፊልሙ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ታየ። በአገራችን ቴሌቪዥን የታየው መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ ነው፤ ከቤተ መንግሥት ድግስ ሥዕል ጋር ተቀላቅሎ። በማግስቱ ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ። ታዲያ በገጠር ቴሌቪዥን አልነበረም። የተራበው ገበሬ የራሱን ፊልም አላየም።

አንድ ነገር ልብ እንበል። አማርትያ ሴን የሚባሉ የሕንድ ምሁር ስለዚህ ረሃብ አጥንተው በ1981 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ አሳትመዋል። በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ያን ያህል አልናረም ይላሉ። እንዲያውም ከወሎ እህል ወደ ሌላ ቦታ ይወጣ ነበር። ምክንያቱ ምንድን ነው? ገበሬው ምርቱ ሲጠፋ መግዣውም አብሮ ጠፋ። ከብቱም በርካሽ ሄደ። ገንዘብ የሌለውን ሰው ገበያ አያውቀውም። በቀዬው የእገሌ ልጅ የሚባል ሰው፣ ደሴ ፒያሳ ሲደርስ ማን ነህ የሚለው የለም። እህል አጠገቡ እያለ ይራባል። ባዕድነት ማለት ይኸ ነው።

ሁለተኛው ፊልም «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ይባላል። የሠራው የጎንደሩ ተወላጅ ኃይሌ ገሪማ ነው። በ1974 እ.ኤ.አ. እዚሁ አገራችን ውስጥ ተነሳ፤ በ1976 እ.ኤ.አ. ወጣ። ቀለሙ ጥቁርና ነጭ ነው፤ ርዝመቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ነው። ቋንቋው አማርኛ ነው።

ታሪኩ የአንድ ጭሰኛ ቤተሰብ ነው። እነሱ ከንጋት እስከ ምሽት ይለፋሉ። ባለመሬቱ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ይጮህባቸዋል። ልጅቱ በህልሟ አባትና እናቷ እንደ በሬ ተጠምደው ሲያርሱ ታያለች። ከበበ የሚባል መሬቱን የተነጠቀ ሰውም አለ። ሰዉ እብድ ይለዋል። እውነቱን ባለመሬቱ ፊት የሚናገረው ግን እሱ ነው። በመጨረሻ የገበሬው ወንድ ልጅ ሮጦ የጭነት መኪና ላይ ይንጠላጠላል። ከተማ ምን እንደሚጠብቀው ፊልሙ አይነግረንም።

የሁለቱ ልዩነት ምንድን ነው? የመጀመሪያው የተራበውን ሰው ያሳየናል። ያየው ሁሉ አዘነ፤ ግን ያዘነው ብዙ ሰው ካለቀ በኋላ ነው። ሁለተኛው ወደ ጎጆው ገብቶ፣ ምርቱ የት ሄደ? ብሎ ይጠይቃል። ድርቅ ከሰማይ ይመጣል። ጎተራው በደህናው ዘመን ባዶ የሚሆነው ግን በሰው ሥራ ነው። ጭሰኝነት በአዋጅ የቀረው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። ጥያቄው ግን አብሮ አልቀረም፤ የገበሬ ልጅ ዛሬም መኪና ተሳፍሮ ይሄዳል።

እንግዲህ ፊልም ስናይ ማልቀስ ብቻ አይበቃም። ማን አነሳው? ለማን አሳየው? ምን ተወ? እንበል። ደብዳቤም ሲነበብልን፣ ውልም ስንፈርም እንዲሁ ነው።

ጥያቄዎች፦
1. በ1965 ዓ.ም. በደሴ ገበያ እህል እያለ ገበሬው ለምን ተራበ?
2. ከበበን ሰዉ እብድ ያለው ለምን ይመስላችኋል?
3. ከቀዬአችሁ ወደ ከተማ የሄደ ልጅ አለ? ለምን ሄደ? በሦስት መስመር ጻፉ። ከዚያም ጎን ለጎን ተቀምጣችሁ አንዳችሁ የሌላውን አንብቡ።