ስኳር የሌለበት የሰሊጥና የኦቾሎኒ ሐላዋ ለስኳር ሕሙማን



ዒድ ሊደርስ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት አንዲት እናት መድኃኒታቸውን ሊወስዱ ወደምሠራበት መድኃኒት ቤት መጡና «ልጄ፣ በዒድ ቀን የልጅ ልጆቼ ሐላዋ ሲበሉ እጄን አጣጥፌ አያቸዋለሁ። አንዳንዴ ግን ሳያዩኝ እበላለሁ» አሉኝ። ንግግራቸው ከልቤ አልወጣም። ተደብቆ ከሚበላ ሐላዋ ከቤተሰብ ጋር በግልጽ የሚበላ፣ ስኳር የሌለበት ጣፋጭ ይሻላልና በዛሬው አምዳችን አሠራሩን እንማማራለን፤ ኢንሻአላህ።

የደም ስኳርን የሚጨምረው ነጩ ስኳር ብቻ ነውን?

አይደለም። ካርቦሃይድሬት ያለበት ምግብ ሁሉ በሆድ ውስጥ ከተፈጨ በኋላ ወደ ግሉኮስ ይለወጣል። ከ100 ግራም ማር ውስጥ 80 ግራም ያህሉ ካርቦሃይድሬት ነው። የተምርም አብዛኛው ክፍል ስኳር ነው። በሶ ስኳር ባይገባበትም ገብስ በመሆኑ የደም ስኳርን ከፍ ያደርጋል። ከሱቅ የሚገዛው ሐላዋም ከሰሊጥ ቢሠራም በተለምዶ ከግማሽ በላይ ካርቦሃይድሬት ነው።

«ማር እኮ ሺፋእ ነው፤ ምን ያደርገኛል?» የሚሉኝ አሉ። በሱረቱ አን-ነሕል በማር ውስጥ ለሰዎች ፈውስ እንዳለ መነገሩን በመድረሳ ተምረናል፤ እናምንበታለንም። ይሁን እንጂ መድኃኒት መጠን አለው፤ ለአንዱ የሚያድነው ለሌላው በዚያው መጠን አይሰጥም። የደም ስኳሩ ከፍ ያለ ሰው ማርን እንደ ስኳር ሊቆጥረው ይገባል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

• 150 ግራም ሰሊጥ
• 150 ግራም ኦቾሎኒ
• 2 የሾርባ ማንኪያ ቅመም ሳይገባበት የነጠረ ቅቤ
• 1 የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ቀረፋ፣ ትንሽ ሄልና ቁንጥር ጨው
• የ10 የሻይ ማንኪያ ስኳር ጣዕም የሚተካ የሳካሪን ወይም የሱክራሎዝ ማጣፈጫ

ሰሊጥ ከሑመራና ከመተማ በኩል ስለሚመጣ ለእኛ ለዛሪማና ለደባርቅ ሰዎች ሩቅ አይደለም። ማጣፈጫውን ስትገዙ ማሸጊያውን አንብቡ፤ «ስኳር የለውም» ተብሎ ዴክስትሮዝ ወይም ማልቶዴክስትሪን የተቀላቀለበት ዱቄት አለና። ዴክስትሮዝ ራሱ ግሉኮስ ነው፤ ማልቶዴክስትሪንም ወደ ግሉኮስ ይለወጣል። ነፍሰ ጡር እናቶች ሐኪም ሳያማክሩ ሳካሪን ባይጠቀሙ ይመረጣል።

አሠራር

1. ኦቾሎኒውን በደንብ ልቀሙ። የሻገተውን፣ የተጨማደደውንና ቀለሙ የተለወጠውን ጣሉ። ሻጋታው የሚያመነጨው አፍላቶክሲን ጉበትን ይጎዳል፤ ቢቆላም ሙሉ በሙሉ አይጠፋም።
2. ኦቾሎኒውን ቆልታችሁ ገለባውን አንሱ። ሰሊጡን ለብቻው በለዘብተኛ እሳት አምሱት፤ ካረረ ይመርራል።
3. ከሰሊጡ ሩቡን ሳይፈጭ አስቀምጡ። የቀረውን ከኦቾሎኒው ጋር ቅባቱ ወጥቶ ሊጥ እስኪመስል ድረስ ፍጩት ወይም በሙቀጫ ውቀጡት።
4. ማጣፈጫውን በ2 የሾርባ ማንኪያ ሙቅ ውሃ አሟሙ። ሳካሪን ሲበዛ ስለሚመርር በጥቂቱ ጀምራችሁ ቅመሱ።
5. የቀለጠውን ቅቤ፣ ቅመሙንና ውሃውን ጨምራችሁ እሹት። ጥቂቷ ውሃ የተፈጨውን ሰሊጥ ታጠነክረዋለች። ያልተፈጨውን ሰሊጥም ጨምሩ።
6. በትሪ ላይ ጠፍጥፋችሁ እስኪረጋ ጠብቁና 24 ቦታ ቁረጡት።

ስኳር ስለሌለበት የሚያረጋው በዋናነት ቅባቱ ነው። በደባርቅና በዳባት ብርድ ሌሊቱን ይረጋል። ወደ ዛሪማ ቆላ ሲወረድ ግን ቅቤው በሙቀት ስለሚላላ ትሪውን ቀዝቃዛ ውሃ ባለበት ሰፋ ያለ ዕቃ ላይ አስቀምጡት። ውሃ ስለገባበት ብዙ ቀን ሳይቆይ ይበላ።

ስንት ቢበላ ይበቃል?

አንዱ ቁራጭ 2.5 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት አለው፤ ከዚህም ግማሽ ያህሉ የማይፈጭ አሰር ነው። በአንጻሩ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ነው። ነገር ግን አንዱ ቁራጭ 80 ያህል ካሎሪ ስላለው ብዙ ከተበላ ያወፍራል፤ ውፍረት ደግሞ ስኳርን ያባብሳል። ስለዚህ በቀን ከሁለት ቁራጭ አይለፍ። መድኃኒትንም አይተካም። መሣሪያ ያለው ከበላ ከሁለት ሰዓት በኋላ ይለካ፤ ለብዙዎች ከ180 ሚሊግራም በዴሲ ሊትር በታች መሆኑ መልካም ነው። ሰሊጥ ወይም ኦቾሎኒ የማይስማማው ሰው አይብላ።

ማስጠንቀቂያ፦ ይህን በፍጹም አትርሱ

ኢንሱሊን የሚወጉ ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚውጡ ሰዎች የደም ስኳራቸው ከመጠን በታች ሊወርድ ይችላል። ሲንቀጠቀጡ፣ ላብ ሲያጠምቃቸው፣ ሲራቡና ግራ ሲጋቡ ካያችሁ ይህን ሐላዋ አትስጧቸው! ስኳር የለበትም፤ ያለችው ጥቂት ካርቦሃይድሬትም በቅባቱ ምክንያት ቶሎ አትደርስም። በዚያች ሰዓት የሚያድናቸው ያ የምንሸሸው ስኳር ራሱ ነው፤ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በግማሽ ብርጭቆ ውሃ በጥብጣችሁ አጠጧቸው። ከ15 ደቂቃ በኋላ ካልተሻላቸው ድገሙ። ራሳቸውን ከሳቱ በአፍ ምንም ሳትሰጡ ወደ ጤና ተቋም አድርሷቸው። ጾመኛም ቢሆን ስኳሩ ከ70 በታች ከወረደ ወዲያውኑ ያፍጥር፤ ሸሪዓችን ለሕመምተኛ ፈቃድ ሰጥቷልና።

ስለዚህ በየቤታችን ሁለት ዕቃ ይኑር፤ አንዱ ለዒድ ማዕድ የሚሆን ይህ ሐላዋ፣ ሌላው ለክፉ ቀን የምትቀመጥ እፍኝ ስኳር። ቤተሰቡ ሁሉ ልዩነታቸውን ይወቅ።

አላህ ለሕሙማኖቻችን ሺፋእ ያድርግላቸው። አሚን!